የድራመሩ ወንበር

ነሐሴ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ማምሻውን ስልኬ ጮኸ። የአሜሪካ ቁጥር ነው። ደዋዩ ድሮ አንድ ባንድ ውስጥ አብረን የሠራን፣ አሁን ቨርጂኒያ የሚኖር ሊድ ጊታር ተጫዋች ወዳጄ ነው። ‹‹እንዴት ሰነበትክ›› የለ፣ ‹‹ልጆች ደህና ናቸው ወይ›› የለ።

‹‹ሰማህ?›› አለኝ።

በኛ ሀገር ‹‹ሰማህ?›› የሚል ቃል በስልክ ሲመጣ ከጆሮ ቀድሞ ጉልበት ይሰማል። ወንበር እየፈለግኩ ‹‹ማን?›› አልኩት።

‹‹ቻርሊ ሞተ።››

‹‹የትኛው ቻርሊ?››

‹‹ስንት ቻርሊ ታውቃለህ? ቻርሊ ዋትስ ነዋ! የሮሊንግ ስቶንሱ!››

እፎይ አልኩ። ሰው ሞተ ተብሎ እፎይ ማለት ነውር ነው፤ ግን አልኩ። ከዚያ ቀስ እያለ ሐዘኑ መጣ። ሰውየው 80 ዓመቱ ነበር። ከ1963 ጀምሮ ለ58 ዓመታት ያህል ከዚያ ባንድ ድራም ጀርባ ተቀምጧል። (የፈረንጆቹን ጉዳይ በፈረንጅ ዘመን፣ የራሳችንን በራሳችን ዘመን ዓ.ም. እያልኩ ብቆጥር ቅር አይበላችሁ።)

‹‹አሁን ያቆማሉ አይደል?›› አለኝ ወዳጄ። ‹‹ማቆም አለባቸው።››

‹‹እንዴታ! አለባቸው›› አልኩት።

ከዚያ ዝም ተባባልን። ከአሜሪካ የሚደወል ስልክ የማይችለው ዓይነት ረጅም ዝምታ። የምናወራው ስለ ቻርሊ ዋትስ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

እነሱ ግን አላቆሙም። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2021 ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ መድረክ ላይ ወጡ። ቻርሊ ከሞተ 33ኛው ቀን ነው። አርባው አልወጣም ማለት ነው።

እኛ ሐበሾች መቼም ሐዘንን በቀን የምንሰፍር ሰዎች ነን። ሰልስት አለን፣ አርባ አለን፣ ሰማንያ አለን፣ ሙት ዓመት አለን። ሮክ የሚጫወቱት ፈረንጆች ይህንን አያውቁትም። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ የነሱንም ሐዘን በኛ መስፈሪያ እሰፍረዋለሁ። እናላችሁ፣ በዚህ መስፈሪያ ሲታይ ሮሊንግ ስቶንሶች የቆየ አመል አለባቸው። ባንዱን በ1962 ያቋቋመው ብራያን ጆንስ በጁን 1969 ተሰናበተ፤ ጁላይ 3 ቀን ቤቱ ውስጥ ባለ የመዋኛ ገንዳ ሞቶ ተገኘ። 27 ዓመቱ ነበር። ጁላይ 5 ደግሞ ባንዱ ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ተጫወተ። ዝግጅቱ አስቀድሞ የተያዘው አዲሱን ጊታር ተጫዋች ሚክ ቴይለርን ለማስተዋወቅ ነበር፤ ሞቱ ሲመጣ መታሰቢያ አደረጉት። ሚክ ጃገር ነጭ ለብሶ ከሼሊ ግጥም አነበበ፣ ነጫጭ ቢራቢሮዎች ተለቀቁ። እኛ ሰልስት ላይ ንፍሮ እንቀምሳለን፣ እነሱ ጊታር ከፈቱ።

ይሄም ይሁን። ዘ ሁ የሚባለው ባንድ ግን እኔን ቤዝ ተጫዋቹን በግል ነው የነካኝ። ቤዝ ተጫዋቻቸው ጆን ኤንትዊስል ጁን 27 ቀን 2002 ላስ ቬጋስ ሆቴል ውስጥ ሞተ፤ የአሜሪካ ጉዟቸው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው። በአራተኛው ቀን፣ ጁላይ 1፣ ፒኖ ፓላዲኖ የሚባል ሌላ ቤዝ ተጫዋች ይዘው ሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ቆሙ። በርግጥ በዚያ ጉዞ ላይ እንጀራው የተንጠለጠለ ስንት ሠራተኛ አለ። ቢሆንም ዜናውን ሳነብ ‹‹አይ ቤዝ ተጫዋች መሆን!›› ብያለሁ። የለቅሶው ድንኳን እንኳ ሳይነቀል ሰው ይቀጠርብሃል።

ታዲያ እኔና ወዳጄ ‹‹ጨዋ ባንድ እንዲህ ነው›› ብለን ለዓመታት ስንጠቅሰው የኖርነው ሌላ ነበር፤ ሌድ ዜፕሊንን።

የዜፕሊኑ ድራመር ጆን ቦንሀም ሴፕቴምበር 25 ቀን 1980 ሞተ። ባንዱ ለአሜሪካ ጉዞ ልምምድ ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ ውሎ ጂሚ ፔጅ ቤት እንደተኛ አልተነሳም። 32 ዓመቱ ነበር። በጊዜው የዓለም ትልቁ ባንድ ነበሩ ቢባል የሚከራከር አይበዛም፤ ሌላ ድራመር ቢፈልጉ ሰልፉ ከለንደን እስከ ሊቨርፑል ይደርስ ነበር። ግን ዲሴምበር 4 ቀን አንዲት አጭር መግለጫ አወጡ። ውድ ጓደኛችንን አጥተን፣ እንደነበርነው ሆነን መቀጠል አንችልም የምትል። ቆጥሬዋለሁ፤ በ70ኛው ቀን ነው። ሰማንያው ሳይደርስ ባንዱንም አብረው ቀበሩት።

ልክ እንደነበሩ ደግሞ በኋላ ታየ። ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ለኛው ሀገር ረሀብ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ላይ የቀሩት ሦስቱ ፊላዴልፊያ ውስጥ ተሰባሰቡ። ለድራሙ አንድ ሰው አልበቃ ብሎ ሁለት ተቀመጡ፤ ቶኒ ቶምፕሰንና ፊል ኮሊንስ። ኮሊንስ የዚያኑ ዕለት ለንደን ዌምብሌይ ተጫውቶ በኮንኮርድ አውሮፕላን ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው የደረሰው። በሁለት ድራመር የአንዱ ቦታ አልሞላም። ሥራው እንዲያ ተበላሽቶ፣ የላይቭ ኤይድ ዲቪዲ በ2004 ሲወጣ የነሱ ክፍል እንዳይገባ እነሱ ራሳቸው ከለከሉ። እኔና ወዳጄ ይህን ስናወራ ‹‹አየህ!›› እንባባላለን። ‹‹አየህ! ሰው አይተካም።››

አሁን ለምን እንደምንባባል ልንገራችሁ።

ከ1985 እስከ 1992 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስ አካባቢ በአንድ ናይት ክለብ የምንሠራ አምስት ልጆች ነበርን። ሊድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ድምፃዊና ድራመር። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደንበኛ የሚፈልገውን ስንጫወት እናመሻለን፤ ትዝታ ለሚያለቅሰው፣ ጉራግኛ ለሚጨፍረው። ደንበኛው ሲሳሳና አስተናጋጆቹ ወንበር መገልበጥ ሲጀምሩ የኛ ሰዓት ይገባል። ሮክ እንጫወታለን። ያንን በሽታ ያመጣብን ድራመራችን ነበር። መርከበኛ አጎት ነበረው፤ አጎትየው ከየወደቡ የሚያመጣለት ካሴት ሲያልቅበት በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ደግሞ ደጋግሞ ያደምጣል። ቦንሀምን በጆሮው ብቻ ነው የተማረው። ምስሉን እንኳ ያየው ብዙ ቆይቶ ነው፤ አይቶም ‹‹ይሄ ገበሬ ነው እንዴ እንደዚህ የሚመታው?›› አለ።

ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ እናደርጋለን፤ እነሱ ቤት፣ ከግቢው ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ውስጥ። ድራሙ የክለቡ ንብረት ስለሆነ ከዚያ አይወጣም። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ሻንጣ ነበር የሚመታው። ጠርዟ በብረት የተለበጠ የአባቱ የድሮ ሻንጣ። ዳሯን ሲመታ ሲምባል፣ ሆዷን ሲመታ ትልቁ ድራም ትሆናለች። እናቱ ቡና ይዘው ብቅ ይሉና ‹‹ኧረ ሻንጣዋ አለቀች፣ እዘኑላት!›› ይሉናል።

በ1992 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሁለት ሳምንት ታሞ ሞተ። 31 ዓመቱ ነበር፤ ከቦንሀም በአንድ ዓመት አንሶ።

በአርባው ማግስት አራታችን አንድ ቡና ቤት ተሰበሰብን። ሊድ ጊታሩ ‹‹እንደ ዜፕሊን ነው ማድረግ ያለብን›› አለ። ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። ደስ የሚል ሐዘን ነበር፤ ክብር ያለው። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ላይ አልተጫወትንም። ለጠየቀን ሁሉ ‹‹ያለሱ አንጫወትም ብለን ነው›› እንላለን። ሰውም ‹‹ወይ ጓደኝነት!›› ይላል።

ይህችን ታሪክ ለ20 ምናምን ዓመት ተናግሬያታለሁ። ያልተናገርኳት ግማሿን ልጨምር። የክለቡ ባለቤት በሐዘናችን ሰሞን ሌላ ባንድ ቀጥሮ ነበር። ሊድ ጊታሩ ዲቪ ደርሶት ለማንም ሳይናገር ፕሮሰስ ጀምሯል። ድምፃዊያችን ዓለማዊ ዘፈን ትቶ መዝሙር ለመግባት ልቡ ሸፍቷል። እኔ ደግሞ ልጅ ልወልድ ነው፤ ሌሊት መሥራት ሰልችቶኝ ቢሮ የሚባል ነገር እያማረኝ ነበር። ድራመራችን ባይሞትም ያ ባንድ ዓመት የሚቆይ አይመስለኝም። እሱ ሞተና ለሁላችንም ሰበብ ሆነን። ዜፕሊኖች ሲያቆሙ የራሳቸውን ምክንያት በራሳቸው ስም አወጡ። እኛ የነሱን ምክንያት ተውሰን ለበስን።

መቼም በኛ ሀገር ባንድ አባሉን የሚያጣው በሞት ብቻ አይደለም። በቪዛም ነው። አዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት የተጫወተውን ዋልያስ ባንድን ውሰዱ። በ1981 ወደ አሜሪካ ለሥራ ሄዱ፤ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ደንበኛ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው ኮፈን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራው የአኮርዲዮን ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ካወቀው በኋላ መድረክ ላይ ተመልሶ፣ በ2018 ‹‹ላላ በሉ›› የሚል አዲስ አልበም አወጣ። ባንዱ ተበትኖም ሰውየው መለማመድ አላቆመም። ይህን ሳስብ አፍራለሁ፤ እኔ ቤዜን የሸጥኩት ድራመራችን በሞተ በስምንተኛው ወር ነው።

ከቻርሊ ዋትስ ሞት በኋላ እንግዲህ ቁጭ ብዬ የቀጠሉትን ባንዶች መመርመር ጀመርኩ። ልፈርድባቸው ነበር ሐሳቤ።

ከኤሲ/ዲሲ ጀመርኩ፤ ዋና ተከሳሽ እሱ ነበርና። ድምፃዊያቸው ቦን ስኮት ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1980 ለንደን ውስጥ ሲጠጣ አምሽቶ የተኛበት መኪና ውስጥ ሞቶ ተገኘ። 33 ዓመቱ። ዜፕሊንን የመታው ነገር እነሱን የመታው በዚያው ዓመት፣ ሰባት ወር ቀድሞ ነው። እነሱ ግን ከአርባው ብዙም ሳይርቁ ብራያን ጆንሰን የሚባል የኒውካስል ሰው ቀጠሩ። በጊዜው ዘፈኑ አላዋጣ ብሎት የመኪና ጣራ ሽፋን በመሥራት ይተዳደር ነበር። በጁላይ ‹‹ባክ ኢን ብላክ›› የተባለውን አልበም አወጡ። ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ያስቆጠረ አልበም ነው። ድሮ ይህን ስሰማ ‹‹በሬሳው ላይ ነገዱ›› እል ነበር።

አሁን ግን ነገሩን ቀረብ ብዬ አየሁት። አንደኛ፣ አልበሙ የሚከፈተው ቀስ እያለ በሚደወል የደወል ድምፅ ነው። ሽፋኑ ጥቁር ነው፤ ከል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የስኮት ወላጆች ‹‹ቀጥሉ›› እንዳሏቸው የባንዱ ሰዎች ደጋግመው ተናግረዋል። ሦስተኛ፣ ያንን ብራያን ጆንሰን የሚባል ሰው በፊት መድረክ ላይ አይቶ ለጓደኞቹ ያሞገሰው ራሱ ቦን ስኮት ነበር፤ አንገስ ያንግ ነው ያወሳው። ሟቹ በሕይወት ሳለ ባያውቀውም ተተኪውን መርቆ ሄዷል። በኋላም፣ በ2014፣ የአንገስ ወንድም ማልኮም በመርሳት ሕመም ጊታሩን ሲያስቀምጥ ቦታውን የያዘው የወንድማቸው ልጅ ነው።

ቀጥዬ አር.ኢ.ኤም.ን አየሁ። እነሱ ሞት አልገጠማቸውም። ድራመራቸው ቢል ቤሪ ማርች 1 ቀን 1995 ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ መድረክ ላይ የጭንቅላቱ ደም ሥር ችግር ገጠመው። ታክሞ ዳነ። ግን በ1997 ‹‹በቃኝ፣ እርሻዬ ይሻለኛል›› አለ። የሚገርመው ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ነው። እኔ ስወጣ ባንዱ የሚፈርስ ከሆነ አልወጣም አላቸው። ድምፃዊው ማይክል ስታይፕ በዚያን ሰሞን ሦስት እግር ያለው ውሻም ያው ውሻ ነው፣ አሯሯጡን ነው እንደ አዲስ መማር ያለበት የሚል ነገር ተናገረ። እውነትም መማሩ ቀላል አልነበረም፤ የሚቀጥለውን አልበም ሲሠሩ ሊበታተኑ ደርሰው ነበር። በወንበሩ ላይ ቋሚ አባል ሳያስቀምጡ እስከ 2011 ሄዱና በሰላም ዘጉት። በጁን 2024 አራቱም ኒውዮርክ ውስጥ ለአንዲት ዘፈን መድረክ ላይ ሲቆሙ ቤሪም አብሮ ነበር።

መጨረሻ ላይ ወደ ስቶንስ ተመለስኩ። ስለ ቻርሊ የሚወራ አንድ ታሪክ አለ፤ ኪት ሪቻርድስ በ2010 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፎታል። በ1984 አምስተርዳም ውስጥ ጃገር ሞቅ ብሎት ሌሊት ቻርሊ ክፍል ደውሎ ‹‹የኔ ድራመር የት አለ?›› ይላል። ቻርሊ ስልኩን ዘጋ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። ጃገርን በቡጢ አጠናገረውና ዳግመኛ የኔ ድራመር እንዳይለው አስጠነቀቀው። እኔ ይቺን ታሪክ የምወዳት ለቡጢው አይደለም፣ ለከረባቱ ነው። ሰውየው የማንም አገልጋይ እንዳልሆነ ለመናገር ሙሽራ ሆኖ ነው የመጣው። ስቶንሶች ውስጥ ደግሞ እንደሌላው ባንድ ጊታሩ ድራሙን አይከተልም፤ ቻርሊ ነው የኪትን ጊታር የሚከተለው ይባላል። ያቺ ከኋላ የምትመጣ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል የምትዘገይ ምት ናት ባንዱን ባንዱ ያደረገችው። እንዲህ ያለውን እንዴት አድርጎ ሰው ይተካዋል?

ግን ይሄም ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረው። ቻርሊ ሊሞት ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ በታመመበት ጊዜ፣ በጉዞው ላይ ጓደኛዬ ስቲቭ ጆርዳን ይተካኛል ብሎ በስሙ መግለጫ አውጥቷል። ወንበሩን በገዛ እጁ ነው የሰጠው።

የሴንት ሉዊሱን ቪዲዮ ያየሁት ለመስቀል ነው፤ እዚያ ደመራ የዋለበት ሌሊት ነበርና። መድረኩ ባዶ ነው። ሰው የለም። የድራም ምት ብቻ ይሰማል፣ በትልቁ ስክሪን ላይ የቻርሊ ፎቶ ይፈራረቃል። ከዚያ ነው ወጥተው የተጫወቱት። ቪዲዮውን አቆምኩና ‹‹እኛ ማንን ጠየቅን?›› የሚል ሐሳብ መጣብኝ። በአርባው ማግስት ቡና ቤት ተቀምጠን ስንወስን፣ አራታችን እርስ በርስ ነው የተጠያየቅነው። ሟቹ ምን ይል ነበር ያለ የለም። እናቱ ጋ የሄደም የለም።

በሳምንቱ ሄድኩ። መጀመሪያ ላይ ለየሙት ዓመቱ እሄድ ነበር። ከዚያ ለፋሲካ ሆነ። ከዚያ በስልክ። ዕዳ እንዳለበት ሰው ሰፈሩን መሸሽ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

‹‹አንተ ልጅ! ሰው እንዲህ ይጠፋል?›› አሉኝ፤ 60 ልሞላ ምንም የማይቀረኝን ሰውዬ። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ፎቶው አለ። ከሥሩ ኮመዲኖው ላይ ሁለቱ የድራም ዱላዎች በነጭ ነጠላ ጨርቅ ላይ ተጋድመዋል።

ቡና ተፈላ። በሁለተኛው ላይ እንዲህ አሉኝ፣

‹‹ለመሆኑ ሙዚቃውን ለምን ተዋችሁት?››

የለመድኩት መልስ አፌ ላይ ነበር። ‹‹ለሱ ክብር ብለን ነዋ፣ እማማ። ያለሱ አንጫወትም ብለን።››

‹‹ለሱ ክብር?›› ሲኒውን አስቀመጡት። ‹‹እኔን ጠይቃችሁኛል?››

ዝም አልኩ።

‹‹ሐሙስ ሐሙስ ጓዳ ሆኜ እሰማችሁ ነበር። ጫጫታ ነው እያልኩ እሰማችሁ ነበር። እሱን እግዜር ወሰደው፣ ምን ይደረጋል፣ ፈጣሪን አልሟገትም። የናንተን ግን ማን ወሰደው? ሐሙስ በመጣ ቁጥር ዛሬ ይመጡ ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ ቡና ቆላሁ። ያ ግቢ እንደዚያ ጭጭ ሲል… እኔ እኮ አንድ ልጅ ቀብሬ አምስት ነው ያጣሁት።››

እኔ ምን እላለሁ? ሦስተኛውን ጠጥቼ ወጣሁ።

በዚያች ሌሊት ቨርጂኒያ ደወልኩና ያሉትን ቃል በቃል ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ‹‹ቤዝህ አለ?›› አለኝ። ‹‹ድሮ ነው የሸጥኩት›› አልኩት። ‹‹እኔም ጊታሬን አልጋ ሥር ነው ያለው፣ ክሩ ዝጓል›› አለኝ።

አንድ ባንድ አባሉን አጥቶ ይዘልቃል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያው ባንድ ሆኖ አይዘልቅም። ስቶንሶች በ2023 ባወጡት አልበም ላይ ቻርሊ ከመሞቱ በፊት ያስቀረጻቸው ሁለት ዘፈኖች አሉ፤ የሱን ምትና የጆርዳንን ምት አከታትሎ የሰማ ጆሮ ልዩነቱን ያውቀዋል። ጆርዳን ጎበዝ ነው። ቻርሊ ግን አይደለም፣ ሊሆንም አልሞከረም። የቀጠሉት ደህና ባንዶች ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው እንደተቀመጠ አልደበቁም፤ ደወሉን ደውለው፣ ፎቶውን አሳይተው፣ ከሟቹ ወገን የሆነ ሰው ‹‹ይሁን›› ብሏቸው ነው የጀመሩት። ዜፕሊኖችም ቢሆኑ በዲሴምበር 2007 ለንደን ውስጥ ለአንድ ምሽት ሲመለሱ ድራሙ ላይ የተቀመጠው ጄሰን ቦንሀም ነው፤ አባቱ ሲሞት የ14 ዓመት ልጅ የነበረው። ወንበሩን ከቤት የመጣ ሰው ነው የሞላላቸው። እኔ ጨዋነታቸውን ስጠቅስ ኖሬ ይህችኛዋን ሳልጠቅሳት መቅረቴ ይገርመኛል።

ለ2015 ዓ.ም. ገና ወዳጄ ከአሜሪካ መጣ። እኔ ቤዝ ተዋስኩ። ኪቦርድ ተጫዋቻችን እዚሁ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምራል፤ የተማሪዎቹን ኪቦርድ ይዞ መጣ። ድምፃዊያችን በመዝሙሩ ጸንቷል፣ ዘፈን አይዘፍንም፤ ግን መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። እዚያችው ግቢ፣ በሐሙስ ቀን። ሰርቪሷ ተከራይታለችና ሳሎን ውስጥ ሆነን ነው። እማማ ከጓዳ ሻንጣዋን አስወጥተው በክፍሉ መሀል አስቀመጧት። ከኋላዋ ዱካ አደረጉ። ማንም አልተቀመጠበትም።

ድሮ ሌሊት ከደንበኛ በኋላ ከምንጫወታቸው አንዷን ጀመርን። ምን ልበላችሁ፣ ነውር ነው። ምቱን የሚይዝ የለማ! ጊታሩ ሮጠ፣ እኔ ወደኋላ ቀረሁ፣ ኪቦርዱ እኛን ሊያስታርቅ መሀል ገብቶ እሱም ጠፋ። ሦስታችንም እያየን ያለነው ያቺን ሻንጣ ነው። እንደምንም ጨረስናት።

ፀጥ አለ። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና ሦስታችንን በየተራ አዩን።

‹‹እሱ ከሌለ እንደማትረቡ ድሮም አውቅ ነበር›› አሉ።

ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው ጀበናውን አነሱ።

‹‹እስቲ ድገሙት።››

ደገምነው።